ስለ ምግብ ፈጪ ዕጢዎቻችን ምን ያህል እናውቃለን?

በአማርኛችን ረጋ ያለና በሳል ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። ወኔ የከዳው ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባልለታል። ንዴት ያንገበገበው ደግሞ «ቆሽቴ አረረ» ሲል ይሰማል። ብስለትን በምራቅ፣ ድፍረትን በሐሞት፣ ንዴትን በቆሽት መመሰላችን እነዚህ የሰውነት ክፍሎች በቀደሙት እናቶቻችንና አባቶቻችን ዘንድ ምን ያህል ቦታ እንደነበራቸው ያሳያል። ይሁን እንጂ ምራቅ፣ ሐሞትና ቆሽት በእርግጥ ምን እንደሚሠሩ፣ ሲታወኩም በቤተሰባችን ላይ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚደርስ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ነው ብለው እንዳያልፉት አደራ እንላለን። አራስ ሕፃን ምን እንደሚቀምስ የምትወስነው፣ የታመመውን የምታስታምመው፣ የቤተሰቡን ማዕድ የምታሰናዳው በአብዛኛው እናት ስለሆነች፣ ስለ እነዚህ ዕጢዎች ማወቁ ከማንም በፊት የሚጠቅመው ለእርሷ ነው።

ዕጢ ማለት ምንድን ነው?

«ዕጢ» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታ ሆኖ የሚያብጠውን እባጭ ነው። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን ስለዚያ አይደለም። ዕጢ ስንል ለሰውነት ሥራ የሚያገለግል ፈሳሽ የሚያመነጭ ጤናማ የአካል ክፍል ማለታችን ነው። ምግብ በመፍጨት ተግባር የተሠማሩት ዋና ዋናዎቹ ዕጢዎች የምራቅ ዕጢዎች፣ በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች፣ ጉበት፣ ቆሽት፣ እንዲሁም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚገኙት ዕጢዎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ተባብረው በአንድ ጎልማሳ ሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ በቀን 7 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያፈልቃሉ። ይህም በየቤታችን ከምናውቀው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። በምግብና በመጠጥ የምንወስደው 2 ሊትር ያህል ሲጨመርበት ወደ አንጀት የሚደርሰው 9 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። የቀረውን አንጀት መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ይህን ቁጥር እባክዎ ያስታውሱት፤ ኋላ ስለ ተቅማጥ ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ሥራው የሚጀመረው ከአፍ ነው

ምራቅ ከሦስት ጥንድ ዋና ዋና ዕጢዎች ይመነጫል። አንደኛው ጥንድ ከጆሮ በታችና ከፊት፣ ሁለተኛው ከመንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ በታች ይገኛል። በምራቅ ውስጥ ኤንዛይም የሚባል የምግብ መፍጫ ቅመም ስላለ፣ የዳቦ ቁራሽ ሳይውጡ ለረጅም ጊዜ ቢያኝኩት እየጣፈጠ ይሄዳል። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ምራቁ የዳቦውን ገንቦ ወደ ስኳርነት መለወጥ ስለሚጀምር ነው። ልጆች ሳያኝኩ እንዳይውጡ የምንቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምራቅ ከዚህም ሌላ ጥርስን ያጥባል፤ ተሕዋስያንንም ይከላከላል። በእንቅልፍ ሰዓት ግን እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ጥርስ መፋቅ ከማለዳው ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ሕፃንን ወተት ወይም ስኳር ያለበት ጡጦ አጉርሶ ማስተኛትም ጥርሱን በለጋነቱ ያበሰብሰዋል።

ጆሮ ደግፍ የምንለው በሽታም ከጆሮ ሥር የሚገኘውን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ ቫይረስ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በምራቅና በሳል ስለሚተላለፍ፣ የታመመው ልጅ ለጥቂት ቀናት ከትምህርት ቤት ቢቀርና ዕቃው ቢለይለት ይበጃል። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ በዚህ በሽታ ሲያዝ የዘር ፍሬው ካበጠ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የሕፃኑ ልሃጭና የግግ ጉዳይ

ሕፃን ሦስትና አራት ወር ሲሞላው የምራቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ማጠናከር ይጀምራሉ። ምራቁን ገና በሚገባ መዋጥ ስለማይችል ልሃጩ ይዝረበረባል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ወደ አፉ ከከተተው ዕቃና ካልታጠበ እጁ ጋር ተሕዋስያን ስለሚገቡ፣ ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ይይዘዋል።

ጎረቤት ይህን አይቶ «ግግ ነው፤ ይውጣለት» ይላል። ድዱ ተሰንጥቆ ያልበቀለው ጥርስ ይወጣል። ሌላውም «እንጥሉ ወርዷል፤ ይቆረጥ» ይላል። ተቅማጡ ግን ከድድም ከእንጥልም የመጣ ስላልሆነ በዚህ አይቆምም። ባልተቀቀለ ስለት የተሰነጠቀ ድድና የተቆረጠ እንጥል ሕፃኑን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎች ይዳርገዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ በሕፃናት አካል ላይ ጉዳት ማድረስን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ልሃጩ የጤና ምልክት ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል። ተቅማጡ ግን ሕክምና ያሻዋል።

አራስ ሕፃን ለምን ቅቤ አይላስም?

በብዙ አካባቢ ሕፃን እንደተወለደ ቅቤ ይላሳል፤ ስኳር የገባበት ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ይቀምሳል። የእናቲቱ የመጀመሪያ ወተት፣ ወፍራሙና ቢጫው እንገር፣ «ያሳምመዋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል። ይህን የሚያደርጉት ለልጁ ክፉ የሚመኙ ሰዎች አይደሉም። አንጀቱ እንዲለሰልስ፣ ድምፁ እንዲያምር በማሰብ ነው። ነገር ግን የሕፃኑን ዕጢዎች አቅም ብናውቅ ይህን አናደርግም ነበር።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ቆሽት ጮማንና ገንቦን የሚፈጩትን ኤንዛይሞች ገና በበቂ አያመነጭም። የጨጓራው አሲድም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደካማ ስለሆነ፣ ከቅቤውና ከውሃው ጋር የሚገቡትን ተሕዋስያን እንደ ትልቅ ሰው ጨጓራ አይገድላቸውም። ቅቤው ወደ ሳንባው ሾልኮ ቢገባ ደግሞ ክፉ የሳንባ ምች ያስከትላል። የእናት ጡት ወተት ግን በውስጡ ያለውን ጮማ የሚፈጭለትን ኤንዛይም ይዞ የሚመጣ ምግብ ነው። እንገሩም የበሽታ መከላከያ የተጠራቀመበት ነው። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት በስተቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም የሚባለው ለዚህ ነው። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎውና ሌላው ተጨማሪ ምግብ በየጊዜው ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ዕጢዎቹም ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ጨጓራ፦ ኃይለኛው አሲድ

«ጨጓራዬን አመመኝ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። ጨጓራ በቀን 2 ሊትር ያህል ጭማቂ ያመነጫል። በጭማቂው ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጅግ ኃይለኛ ሲሆን ሥጋን ያልማል፤ አብዛኞቹንም ተሕዋስያን ይገድላል። ጨጓራ ራሱን በራሱ እንዳይበላ የሚጠብቀው ግድግዳውን የሚለብጠው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ሥራ በዓይኑ ያየው በአንድ አደጋ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት በድንገት በባረቀ ጠመንጃ ሆዱን ቆሰለ። ከሞት ቢተርፍም ቁስሉ ወደ ጨጓራው የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ያከመው የጦር ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት ምግብን በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ወደ ጨጓራው በማስገባትና መልሶ በማውጣት ለዓመታት ከተመራመረ በኋላ፣ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1833 በመጽሐፍ አወጣ። ሰውየው ሲናደድ የጨጓራው ሥራ እንደሚታወክም ተመልክቷል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ደግሞ ጨጓራ ምግብ ሳይደርሰው በፊት በማየትና በማሽተት ብቻ ጭማቂውን ማፍሰስ እንደሚጀምር በውሾች ላይ አረጋገጠ። ምግብ ስለሚፈጭበት ሁኔታ ባደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አሁን ወደ ወጥ ቤታችን እንመለስ። ሽንኩርቱን የምታቁላላው፣ ወጡን የምትቀምሰው፣ ጭሱና ሽታው ሲያውዳት የሚውለው ሴት ናት። የእርሷ ጨጓራ ከማንም ቀድሞ አሲዱን ያፈሳል። ማዕዱ ሲቀርብ ግን ባል፣ እንግዳና ልጆች በልተው እስኪነሡ ቆማ ታስተናግዳለች፤ የተረፈውን ትበላለች። እስከዚያው በባዶ ሆዷ ሁለት ሦስት ስኒ ቡና ትጠጣለች። ቡናም አሲዱን ይጨምራል። ይህ ብቻውን የጨጓራ ቁስለት ያመጣል ማለታችን አይደለም። ቁስሉ አስቀድሞ ካለ ግን ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። አያቶቻችን ያለ ቡና ቁርስ ቡና የማያቀርቡት ወደው አልነበረም፤ ቆሎውና ዳቦው ለጨጓራም ይረዳል።

የቁስለቱ ዋነኛ መንስዔዎች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ይህን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደርሱበት ብዙ ሐኪሞች አላመኗቸውም ነበር። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በመታመም የሚያደርሰውን ጉዳት አሳየ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባክቴሪያው በአብዛኛው በልጅነት፣ ከቤተሰብ ውስጥ የሚያዝ ስለሆነ እጅን መታጠብና ንጹሕ ውሃ መጠጣት መከላከያ ነው። ሁለተኛው መንስዔ እንደ አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ራሳችንን ባመመንና ወገባችንን በቆረጠን ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንውጣቸው እነዚህ ክኒኖች የጨጓራውን መከላከያ ያሳሳሉ።

ተልባ በጥብጦ መጠጣት ለጊዜው ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። በምርመራ ከተገኘ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች አሉ። ሕመሙ ቀለል ሲል ማቋረጥ ግን ባክቴሪያውን ማለማመድ ነውና እስከ መጨረሻው መውሰድ ያስፈልጋል። ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ደም ከቀላቀለ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሄድ የግድ ነው።

ጉበትና ሐሞት

ጉበት በሰውነታችን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ዕጢ ነው። በጎልማሳ ሰው ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ካሉት ብዙ ተግባሮች አንዱ ሐሞት ማመንጨት ነው። ሐሞት በትንሿ የሐሞት ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆይና ጮማ ያለው ምግብ ሲመጣ ወደ አንጀት ይፈሳል። ሥራውም የሳህን ቅባትን እንደሚያለቅቀው ሳሙና ጮማውን እየበታተነ ለመፈጨት ማዘጋጀት ነው።

ሐሞቱ ሲረጋና ሲወፍር ጠጠር ይሠራል። የሐሞት ጠጠር ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ በተለይም ደጋግመው የወለዱትንና ውፍረት ያላቸውን ያጠቃል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚዛመት ብርቱ ሕመም ምልክቱ ነው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀናት ካለፉ በኋላ በፋሲካ ሌሊት በአንድ ጊዜ ቅቤና ጮማ ሲወርድበት ብዙ ሰው የሚታመመው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብ ባለ ሾርባና በጥቂት ምግብ መጀመር ይመረጣል።

ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃው ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል። እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ይህን ነው። የሌሊት ወፍ አመጣችው ሲባል እንሰማለን። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንስዔው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ገላን መተኮስም ሆነ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጨምቆ መጠጣት የደከመውን ጉበት ይበልጥ ይጎዳዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ዓይኗ ቢጫ ከሆነ በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ለሕይወቷ እጅግ አስጊ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለባትም። አራስ ሕፃንም ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይኑ ቢጫ እንደሆነ ከቀረና ዓይነ ምድሩ ከነጣ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በደም የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ ቢ መከላከያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአገራችን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በሚሰጠው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ይገኛል። ክትባቱ እንዳያመልጥዎ።

ቆሽት፦ ሁለት ሥራ ያለው ዕጢ

ቆሽትን ከጣፊያ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። ጣፊያ በግራ በኩል የሚገኝ፣ በወባ ጊዜ የሚያብጠው ክፍል ነው። ቆሽት ግን ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ ዕጢ ሲሆን ሥጋን፣ ጮማንና ገንቦን የሚፈጩ ኤንዛይሞችን ሁሉ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሳል። ከጨጓራ የሚመጣውን አሲድ የሚያበርደውም የእርሱ ፈሳሽ ነው። የሐሞት ጠጠር መውረጃውን ሲዘጋው ወይም የአልኮል መጠጥ ሲበዛበት ኤንዛይሞቹ እዚያው ሥራ ይጀምሩና ዕጢውን ራሱን ይፈጩታል። ያን ጊዜ ቆሽት አረረ ማለት ምሳሌ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ሥራው ኢንሱሊንን ወደ ደም መላክ ነው። ኢንሱሊን ከሌለ የስኳር በሽታ ይመጣል። በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊንን ለማውጣት ከበቁ በኋላ፣ በጥር 1922 ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ሕይወቱን አተረፈ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ልጅ ለሞት የተፈረደበት ነበር። ዛሬም ቢሆን በሽታው ሳይታወቅ የሚሞቱ ልጆች አሉ። ልጅዎ ውሃ እያበዛ፣ ሽንቱን እየደጋገመ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማራስ እንደገና ጀምሮ ከከሳ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለው ከመቆጣት በፊት የደም ስኳሩን ያስመርምሩ።

ሰባቱ ሊትር ሲፈስ

አሁን አስታውሱት ወዳልነው ቁጥር እንመለስ። ተቅማጥ ሲይዝ ሕፃኑ የሚያጣው የጠጣውን ውሃ ብቻ አይደለም። ዕጢዎቹ ያፈለቁትን፣ አንጀቱ መልሶ ሊያስገባው የሚገባውን ፈሳሽና ጨውም ጭምር ነው። ከሰውነቱ ትንሽነት የተነሣ በሰዓታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ «ሆዱ እንዲያርፍ» ብሎ ጡትና ውሃ መከልከል ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው።

የታመመ አንጀት ውሃን ብቻውን መምጠጥ ቢያቅተውም ስኳርና ጨው በልክ ሲቀላቀሉበት ግን ይመጥጠዋል። ኦ.አር.ኤስ ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተገኘው ከዚህ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሕንድ ድንበር በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላለቀ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህን ድብልቅ በአፍ ሰጡ። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ዝቅ አለ።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። እጅዎን ይታጠቡ። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንዱን ከረጢት በሙሉ ይበጥብጡ። ሌላ ስኳርም ሆነ ጨው አይጨምሩ። በማንኪያ ወይም በስኒ ጥቂት በጥቂት ይስጡ፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ይድፉ። ጡት አያቋርጡ። ጤና ጣቢያው የሚሰጠውን የዚንክ ክኒንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ በታዘዘው ቀን ልክ ይስጡ። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ግን በቤት አይቆይ።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህ ዕጢዎች ሳናዛቸው ሌት ተቀን ይሠራሉ። ከእኛ የሚፈልጉት ጥቂት ነው። አራሱን ሕፃን ከቅቤና ከስለት መጠበቅ፣ ክኒን ያለ ትእዛዝ አለመዋጥ፣ ቢጫ ዓይንን አለመናቅ፣ ኦ.አር.ኤስ ከቤት አለማጣት ነው። ለአባወራዎች ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ጉርሻ ለእንግዳና ለሙሽራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዛሬ ማታ ማዕዱ ሲቀርብ ከጠዋት ጀምሮ በጭስና በሽታ ውስጥ የዋለችውን አስቀምጧት፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለእርሷ አጉርሷት።